ታማኝ ቤት ሠሪ እንዴት ይገኛል?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። በዕለቱ ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ወጥቷል።)



እንድናገርበት ከኮሚቴው የተሰጠኝ ርእስ «ታማኝ ቤት ሠሪ እንዴት ይገኛል?» የሚል ነው። ርእሱ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ከመካከላችን የቆየውን የጭቃ ቤት አፍርሰው በብሎኬት ለመሥራት የተነሡ አሉ። ሰርቪስ ቤት ጨምረው ለማከራየት ያሰቡ አሉ። ልጆቻቸው ከቤሩት፣ ከጅዳና ከዱባይ በሚልኩት ገንዘብ መሠረት ያስቆፈሩም አሉ። ለአብዛኞቻችን ቤት መሥራት በዕድሜ አንድ ጊዜ የሚደረስበት ነገር ነው። የዕቁቡ ገንዘብ፣ የጡረታው ቁጠባ፣ የልጅ የስደት ላብ፣ ሁሉም ተሰብስቦ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ስለሆነም ያ ገንዘብ በማን እጅ እንደሚገባ ማወቅ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

እኔ እንደምታውቁኝ ድንጋይ ከማቀበል ተነሥቼ እስከ ፎርማንነት በግንባታ ሥራ ላይ የኖርሁ ሰው ነኝ። ስለ ተቋራጮች የምናገረውም እነርሱን ለመውቀስ አይደለም። ከባለቤቱ ይልቅ ለቤቱ የሚጨነቁ፣ የተጣመመ መስመር ሲያዩ እንቅልፍ የሚያጡ ግንበኞች አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ጨዋውም አታላዩም ሲመጣ አለባበሱና አነጋገሩ አንድ ነው። ሁለቱም «አታስብ አባባ፣ ለኔ ተወው» ይላሉ።

እንግዲህ ላሳስባችሁ የምፈልገው ዋና ነገር ይህ ነው፤ ታማኝነት ፊት ላይ አይነበብም። ታማኝ ቤት ሠሪ በሦስት ነገር ይታወቃል፤ ቀድሞ በሠራው ቤት፣ ለመፈረም በሚስማማው ወረቀትና ገንዘቡን ከሥራው በኋላ ለመቀበል ባለው ፈቃደኝነት ነው። እነዚህን ያሟላ ሰው የሩቅ ሰው ቢሆንም ይሠራል። ያላሟላ ግን የአክስት ልጅም ቢሆን ያስለቅሳል።

በመጀመሪያ ነገሩ ከድሮው ይልቅ ዛሬ የከበደበትን ምክንያት ልንገራችሁ። የጭቃ ቤት በደቦ ሲሠራ ሁሉም ነገር በዓይን ይታይ ነበር። ባሕር ዛፉ ይተከላል፣ ይማገራል፣ ጭቃው ከጭድ ጋር ይቦካል፣ ይመረጋል። ዘመም ያለ ነገር ካለ ጎረቤቱ ሁሉ አይቶ ይናገራል። የዛሬው ቤት ግን ጉድለቱን ይደብቃል። ፌሮው በኮንክሪት፣ ኮንክሪቱ በልስን፣ ልስኑ በቀለም ይሸፈናል። እኛ ቀለሙን አይተን «እንኳን ደስ አላችሁ» ስንል፣ በኮለኑ ውስጥ ስንት ስታፋ እንደገባ የሚያውቀው ፌራዮው ብቻ ነው።

ይህ ደግሞ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ቤቶች እንደፈረሱ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው መንቀጥቀጥ እዚህ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ብዙ ሰው በሌሊት ከቤቱ እንደወጣ እናንተም አትረሱትም። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ጣራውን ከልጆቻችን ራስ በላይ አጽንቶ የሚይዘው ያ በኮንክሪት የተሸፈነው ብረት ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ ነጥቦች እንግባ።

1ኛ. የሠራውን ቤት ሄዶ ማየት

አንድ ሰው «ቤት እሠራልሃለሁ» ሲል ሦስት ቤት ያሳየን። አንደኛው በቅርብ ያስረከበው፣ ሁለተኛው ቢያንስ ሦስት ክረምት ያለፈበት፣ ሦስተኛው አሁን በመሠራት ላይ ያለ ይሁን። አዲስ ቤት ሁሉም ያምራል፤ እውነቱን የሚያወጣው ክረምቱ ነው። ሦስት ክረምት ያለፈበት ቤት ዘንድ ስትሄዱ ከመስኮትና ከበር ማዕዘን እየተነሣ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ እንዳለ ተመልከቱ። የግድግዳውን ሥር ንኩት፤ እርጥበት ይዟል? በሮቹን ክፈቱና ዝጉ፤ የሚያጣብቅ በር ብዙ ጊዜ መሠረቱ እንደተንቀሳቀሰ ይናገራል።

በተለይ ቦታችሁ ዋልካ አፈር ከሆነ እዚህ ላይ አትለፉ። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ ያለውን ቤትም አብሮ ያነሣዋል፣ ያወርደዋል። ስለዚህ ሠሪውን «ዋልካውን ምን ታደርገዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሞያ ያለው ሰው ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ስለ መቆፈር፣ የወጣውን አፈር በተመረጠ አፈር ስለ መተካትና እየጠቀጠቁ ስለ መሙላት ያስረዳችኋል፤ መሐንዲስ ይየውም ይላችኋል። «እሱ ምንም አይደል» ካለ ግን ቡናችሁን ጠጥታችሁ አሰናብቱት።

ባለቤቱን ስታነጋግሩ ሠሪው አብሮ አይቁም። ይሉኝታ ስላለብን ሰው ፊት ለፊት እውነቱን አንናገርም። ለብቻ ሲሆን ግን ይነገራል። የምትጠይቁትም ይህን ነው፤ በተባለው ጊዜ አስረከበ ወይ? ዋጋ ጨመረ ወይ? ከጨመረስ በምን ምክንያት? ዕቃ ጎድሎ ያውቃል ወይ? ሠራተኞቹ ደመወዛቸውን በጊዜው ያገኙ ነበር ወይ? ይህችን የመጨረሻዋን ጥያቄ ሰው ይረሳታል። ነገር ግን የቀን ሠራተኛውን የሚያጉላላ ሰው ነገ ባለቤቱንም ያጉላላል፤ ያልተከፈለው ግንበኛም ሥራውን ጥሎ ሲሄድ ቤታችሁ ከመካከል ይቆማል።

በመሠራት ላይ ባለው ቤት ደግሞ ሥራውን የሚመራው ማን እንደሆነ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ የሚዋዋለው ሌላ፣ ግንብ ላይ የሚቆመው ሌላ ነው። የሚፈርመው ሰው ፈቃዱ የዘመኑ እድሳት ያለው መሆኑን፣ በፈቃዱ ላይ ያለው ስምና በመታወቂያው ላይ ያለው ስም አንድ መሆኑን ማየት ነውር አይደለም። ሐቀኛ ሰው ሲጠየቅ አይቆጣም።

2ኛ. ወረቀቱ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። እኛ ግን «ወረቀት ምን ይሠራል፣ እንተማመናለን» ማለት እንወዳለን። አንድ ለትምህርት የሚሆን ነገር ልንገራችሁ። አንዲት እናት ልጃቸው ከቤሩት በምትልከው ገንዘብ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ያሠራሉ። ሠሪውን ያመጣው ዘመድ ነው። ወረቀቱ ሦስት መስመር ነበረች፤ ከመስመሮቹም አንዱ «ቤቱን ጨርሶ ለማስረከብ» ይላል። ጣራው ተመቶ፣ ግድግዳው ተለስኖ፣ በርና መስኮቱ ከተገጠመ በኋላ ሠሪው «ጨርሻለሁ» አለ። እናትየዋ ደግሞ «ኮርኒሱስ? ሽንት ቤቱስ? የፍሳሽ ጉድጓዱስ?» አሉ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ወረቀቷን ቢያገላብጡ «መጨረስ» ማለት ምን እንደሆነ አልተጻፈም። ያ ቤት ኮርኒስና ሽንት ቤት ሳይኖረው ሁለት ክረምት ቆመ። ልጅቱም ለዚያ የሚሆን ገንዘብ እስክታገኝ እዚያው ሰው ቤት ማገልገሏን ቀጠለች። ልብ በሉ፤ ምናልባት በዚህ ነገር ውስጥ ሌባ የሚባል ሰው አልነበረም። አንዲት ቃል ብቻ ሳትፈታ ቀርታ ነው።

ስለዚህ ውሉ የሚከተሉትን በዝርዝር ይያዝ፤

ሀ) የግንባታ ፈቃድ ያገኘው ፕላን ከውሉ ጋር ተያይዞ ሁለቱም ወገን በየገጹ ይፈርሙበት። ፈቃድ ሳይወጣ ሥራ አይጀመር፤ «በኋላ እናስተካክላለን» የሚል ሠሪ የሚያፈርሰው የራሱን ቤት አይደለም።

ለ) የዕቃው ዓይነት በልኩ ይጻፍ። የኮለኑ ፌሮ ባለ ስንት ነው? ስታፋው በየስንት ሳንቲ ሜትር ነው? የውጭው ግድግዳ ብሎኬት ባለ 20 ነው ወይስ ባለ 15? ቆርቆሮው ስንት ጌጅ ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ በቆርቆሮ ጌጅ ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራል፤ ባለ 28 ከባለ 32 ይወፍራል።

ሐ) ዕቃ የሚገዛው ማን ነው? ሠሪው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው የሚወስደው ወይስ ዕቃውንም ጨምሮ ነው? ዕቃውንም ከያዘ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ ምን ይደረጋል? ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ በሚገባው ዕቃ ዋጋ ላይ የደረሰውን ሁላችንም አይተናል። ይህ ነገር በውሉ ካልተጻፈ ሠሪው ይከስርና ጥሎ ይሄዳል፣ ወይም ከሲሚንቶው ይቀንሳል። ሁለቱም ጉዳቱ የባለቤቱ ነው።

መ) ሥራው የሚያልቅበት ቀን፣ ቢዘገይ የሚከፈለው ቅጣት፣ ሠራተኛ ቢወድቅ ወይም የጎረቤት አጥር ቢናድ ኃላፊው ማን እንደሆነ ይጻፍ።

ሠ) ሁለቱም ወገን በሁለት ምስክሮች ፊት ይፈርሙ፤ ለየራሳቸውም አንዳንድ ቅጂ ይያዙ።

ከሕጉም ማወቅ የሚገባን ሁለት ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ደኅንነትና ጥንካሬ ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። ጉዳቱ በአሠራሩ ጉድለት ወይም ቤቱ ባረፈበት መሬት ጠባይ ምክንያት ቢደርስም ይጠየቃል። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ወይም የሚያስቀር ቃል በውሉ ቢገባ እንኳ ዋጋ የለውም። እንግዲህ «ካስረከብኩ በኋላ አያገባኝም» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ሕጉ እንደሱ እንደማይል እወቁ። ጉድለት ስታዩም ሳትውሉ ሳታድሩ በጽሑፍ አሳውቁት።

ሁለተኛው ስለ ቀብድ ነው። በዚሁ ሕግ መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ቀብድ ተቀባዩ ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ለሥራ ማስጀመሪያ የምንሰጠው ገንዘብ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከሥራው ዋጋ ላይ የሚታሰብ ከሆነ «ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። ሁለቱን ስም ማደባለቅ በኋላ ክርክር ያመጣል።

3ኛ. ገንዘቡ ከሥራው ኋላ ይሂድ

ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ገንዘቡ ከሥራው ከቀደመ ታማኙም ሰው ይፈተናል። ሌላ ቦታ ሥራ ይይዝና በእናንተ ገንዘብ የዚያን ሰው ጣራ ይመታል፤ የእናንተን ደግሞ በሌላ ሰው ገንዘብ ለመጨረስ ያስባል። ይህ ሰንሰለት አንድ ቀን ሲበጠስ የተበጠሰበት ባለ ቤት ያለቅሳል። ሥራው ከገንዘቡ ከቀደመ ግን ሁሉም ቦታውን ይይዛል።

ለአብነት ያህል ከ100 ብር እንዲህ ማከፋፈል ይቻላል፤ ለማስጀመሪያ 15፣ መሠረቱ አልቆ ግሬድ ቢሙ ሲሞላ 20፣ ግድግዳው ቆሞ የላይኛው ቢም ሲሞላ 20፣ ጣራው ሲመታ 15፣ ልስንና ወለሉ ሲያልቅ 15፣ በር፣ መስኮት፣ መብራትና ቀለም አልቆ ቁልፉን ሲያስረክብ 10። የቀረችውን 5 ብር ያዟት። አንድ ክረምት ይለፍና ጣራው ካላፈሰሰ፣ ግድግዳው ካልተሰነጠቀ አመስግናችሁ ክፈሉ። ቁጥሩን እንደ ሥራው ዓይነት መለወጥ ይቻላል፤ የማይለወጠው ቅደም ተከተሉ ነው። እያንዳንዱ ክፍያ በደረሰኝ ወይም በባንክ በኩል ይሁን።

እያንዳንዱን ደረጃ ከመክፈላችን በፊት ሥራውን ማየት አለብን። «እኔ ምን አውቃለሁ?» እንዳትሉ፤ መሐንዲስ ያልሆነ ሰው ሊያደርገው የሚችል ብዙ ምርመራ አለ።

ፌሮውን በሚዛን አስመዝኑ። አንድ ቤርጋ 12 ሜትር ነው። ባለ 8 ከሆነ 4.7 ኪሎ ግራም ያህል፣ ባለ 10 ከሆነ 7.4፣ ባለ 12 ከሆነ 10.7፣ ባለ 14 ከሆነ 14.5 ኪሎ ግራም ያህል መምዘን አለበት። ጥቂት ልዩነት ይኖራል፤ «ባለ 12» ተብሎ የተሸጠላችሁ 9 ኪሎ ከመዘነ ግን ስሙና ብረቱ አይተዋወቁም።

ሲሚንቶው ከረጢቱ 50 ኪሎ ነው። እጃችሁን አግቡበት፤ ዱቄት መሆን አለበት። የጓጎለና በጣት ሲጫኑት የማይፈርስ ከሆነ እርጥበት አግኝቶታልና ለኮንክሪት አይሆንም።

አሸዋውን በብርጭቆ ማሰሮ ጨምሩና ውሃ ሙሉበት፤ በጥብጣችሁ እስኪጠራ ድረስ አስቀምጡት። አሸዋው ከታች፣ ጭቃው ከላይ ይቀመጣል። አሸዋው 10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ጭቃው ከ6 ሚሊ ሜትር ከበለጠ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ።

ኮንክሪት ሲቦካ መለኪያው ሳጥን ይሁን፤ አካፋ መለኪያ አይደለም። ለኮለንና ለቢም የተለመደው 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር ነው፤ መሐንዲሱ ሌላ ካዘዘ የእሱ ይፈጸም። ለማፍሰስ እንዲቀል ብለው ውሃ ሲያበዙ ዝም አትበሉ፤ ውሃ የበዛበት ኮንክሪት ጉልበት የለውም። ከተሞላ በኋላ ግን ቢያንስ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ። ይህን ሥራ ባለቤቱ ራሱ፣ ልጆቹም ቢሆኑ ሊሠሩት ይችላሉ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት የተዘረጋውን ፌሮ የሚያይ መሐንዲስ ለአንድ ቀን ቢሆን ክፈሉ። ከተሞላ በኋላ መጥቶ ምንም ሊያይላችሁ አይችልም። የመሐንዲሱ አበል በዝቶ የሚታየን ቤቱ እስኪሰነጠቅ ብቻ ነው።

ልጆቻቸው በውጭ አገር ላሉ አባሎቻችን አንድ ቃል ልጨምር። ገንዘቡን የሚይዘው፣ ቤቱን የሚሠራውና ሥራውን የሚመረምረው አንድ ሰው አይሁን። ውክልና ስትሰጡም ሥልጣኑ ምን ድረስ እንደሆነ ይለይ፤ ቤት ለማሠራት የተሰጠ ውክልና ለመሸጥ የሚበቃ መሆን የለበትም። ልጅቱ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ መጥታ ማየት አትችልም፤ ዓይኗ እኛ ነን።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንመለስ። ታማኝ ሠሪ የሚፈልግ ሰው ታማኝ አሠሪ መሆን አለበት። ፕላን ከጸደቀ በኋላ «ይህን መስኮት ወደዚያ አዙረው» እያልን በየቀኑ የምናስቸግር ብዙዎች ነን። ለውጥ ካስፈለገ መጀመሪያ የፈቃዱ ጉዳይ ይጠየቅ፤ ከዚያም ዋጋው ተነግሮ ይጻፍ። ሥራው በውሉ መሠረት አልቆ ሳለ ክፍያ ማጓተትም የሠራተኛውን እንጀራ መያዝ ነው። ዋጋ ስንጠይቅም ከሦስት ሰው እንጠይቅ፤ ከሦስቱ አንዱ ከሌሎቹ እጅግ ዝቅ ካለ ግን ደስ አይበለን። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» እንደተባለው እንዳይሆን፣ ያን ያህል ያነሰው ከየት ቀንሶ እንደሆነ እንጠይቀው። ሲሚንቶውና ብረቱ ለሁሉም ገበያው አንድ ነው።

በመጨረሻም ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በጽሕፈት ቤታችን አንድ መዝገብ ይከፈት። ቤት ያሠራ አባል ሁሉ የሠሪውን ስም፣ የተስማሙበትን ጊዜና ያስረከበበትን ቀን፣ ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ ቤቱ እንዴት እንደሆነ ያስመዝግብ። ሐሜትና ቂም አይጻፍበት፤ ቀንና የሚታይ ነገር ብቻ ይጻፍ። ሠሪውም የተጻፈውን አይቶ መልስ ካለው ከሥሩ እንዲያሰፍር ይፈቀድለት። ጥሩ የሠራ ሰው በዚህ መዝገብ ሥራ ያገኛል፤ ሌላውም በዚያው ይታረማል። ከዚህም ጋር ሞያው ያለን ሁለት ሦስት አባላት ፌሮ የሚዘረጋበትን ቀን ቀድሞ ለሚያሳውቀን ጎረቤት ያለ ክፍያ ሄደን ለማየት ፈቃደኞች ነን። የመሐንዲሱን ቦታ አንተካም፤ ግን አንድ ዓይን ከሚያይ አራት ዓይን ቢያይ ይሻላል።

ድሮ ደቦው ጭቃ ለማቡካት ነበር። ዛሬ ጭቃው ቢቀርም መረዳዳቱ ሊቀር አይገባም። በመዝገቡ ሐሳብ ላይ በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ እንድትሰጡበት በአክብሮት እየጠየቅሁ ንግግሬን በዚህ አበቃለሁ።